ስንት ናችሁ?

ሰውየውን ሰፈሩ በሙሉ «ሲኒማው» ነው የሚለው። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ሽማግሌዎች እንኳ በስሙ አይጠሩትም። ይሠራበት የነበረው ሲኒማ ቤት ከተዘጋ ቆይቷል፤ ወንበሮቹ እየተነቀሉ ተሽጠዋል፤ አዳራሹ ውስጥ አሁን ሶፋና አልጋ ይሸጣል። ቅጽል ስሙ ግን ከሰውየው ጫንቃ ላይ አልወርድም ብሏል። ዳቦ ገዝቶ ሲመለስ ጎረምሶቹ «ጋሽ ሲኒማ፣ ዛሬ ምን አለ?» ይሉታል። «ዛሬ ዝግ ነው» ይላቸዋል። ይስቃሉ። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አያልፍም።

ሰውየው ወጣትነቱን የጨረሰው እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው። ትኬት ቆራጭ ሆኖ ገባ፤ ውሎ አድሮ ሥራ አስኪያጅ ሆነ፤ በመጨረሻም በሩን በገዛ እጁ ቆልፎ ቁልፉን ለባለቤቱ አስረከበ። ከአዳራሹ ጀርባ፣ ጨለማው ውስጥ ቆሞ፣ ፊልሙን ሳያይ፣ በወንበሮቹ ሲጥሲጥታ ብቻ ተመልካቹ መሰልቸት አለመሰልቸቱን ያውቅ ነበር። መዘጋቱ አልገረመውም፤ መጨረሻ ላይ ከሰው ይልቅ ባዶ ወንበር ይበዛ ነበር። የገረመው ከዚያ ወዲያ የመጣው ነው። ለካስ እሱን የሚፈልግ ሰው የለም!

ያላንኳኳው በር አልነበረም። ሆቴሎቹ «ልምድዎ በጣም ጥሩ ነው፣ ግን…» ይሉታል። ከዚያች «ግን» ቀጥሎ ያለውን መስማት ትቷል። አንድ ትልቅ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ገና ጢም ያላበቀለ ፈታኝ «ከአምስት ዓመት በኋላ ራስዎን የት ያዩታል?» አለው። አስቦበት፣ ከልቡ፣ «ጡረታ ላይ» ብሎ መለሰ። ፈታኙ ብዕሩን አስቀመጠ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እሱና አማቱ። አማቱ የመጡት ልጃቸው፣ ማለት የእሱ ሚስት፣ ታማ በተኛች ጊዜ ነው። አንድ ሻንጣ ይዘው መጡ፣ አስታመሙ፣ ደከሙ፣ አልሆነም። ከቀብር በኋላ ሐዘንተኛው ሁሉ ሲበተን፣ እሱ አማቱ «እንግዲህ ልሂድ» እስኪሉ ጠበቀ። አማቱም እሱ «እንግዲህ ይሂዱ» እስኪል ጠበቁ። ሁለቱም አፋቸውን እንደለጎሙ ዓመት አለፈ፤ ሌላው ዓመትም ተደገመ። ልጅ አልወለዱም ነበር። እናም ቤቱ ውስጥ የቀሩት፣ ያቺ ሴት በመካከላቸው ባትኖር ኖሮ መንገድ ላይ ቢተላለፉ እንኳ ሰላም የማይባባሉ ሁለት ሰዎች ናቸው።

ክፉ ቃል ተነጋግረው አያውቁም፤ ደግ ቃልም ቢሆን አያበዙም። «በላህ?» «በላሁ፣ እማማ።» «በሩን ዘጋኸው?» «ዘጋሁት።» ይኸው ነው ጨዋታቸው። እሳቸው መስኮቱ ሥር ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ይቀመጣሉ፤ እሱ ጠረጴዛው ላይ የሥራ ማስታወቂያ ዘርግቶ ይቀመጣል። እሱ መስኮቱን ይከፍታል፤ እሳቸው ይዘጋሉ፤ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም። «እማማ፣ ይተዉት፣ እኔው አጥበዋለሁ» እያላቸውም ሸሚዙን አጥበው፣ ተኩሰው፣ የክፍሉ በር እጀታ ላይ ይሰቅሉለታል።

አንድ ጠዋት ጋዜጣው ላይ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የመዝናኛ ፓርክ ለእንግዶች አገልግሎት ሥራ አስኪያጅ እንደሚፈልግ አነበበ። «ብዙ ሕዝብ በማስተናገድ ልምድ ያለው» ይላል። ጋዜጣውን እጥፍ አድርጎ አሰበ። ሰውን ተራ አስይዞ፣ አስቀምጦ፣ አስደስቶ፣ በሰላም ወደ ቤቱ መሸኘት! እኔስ ሌላ ምን ስሠራ ኖርኩ? በዚያው ዕለት ማመልከቻውን ይዞ ሄደ።

ጠሩት። ፈታኞቹ ሁለት ነበሩ፤ አንደኛዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ የሰው ሀብት ኃላፊ፣ ሌላው ደግሞ የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ የጠቀለለ፣ መቀመጥ የማይሆንለት ዳይሬክተር ነው። ዳይሬክተሩ በዕድሜ ያንሰዋል። ሰልፍ ሲበዛ ምን እንደሚያደርግ፣ ሠራተኛ ሲያኮርፍ እንዴት እንደሚያባብል፣ መብራት ድንገት ሲጠፋ የመጀመሪያ ትእዛዙ ምን እንደሆነ ጠየቀው። ይህን ሁሉ እንደ ውሃ መለሰው። ከዚያ ዳይሬክተሩ መስኮቱ ጋ ቆመና፣

«እርስዎ ራስዎ እንዲህ ያለ ቦታ መጥተው የተዝናኑት መቼ ነው?» አለው።

«ከባለቤቴ ጋር ነው፤ ሳንጋባ። እሷ ሰው ጭኖ የሚሽከረከረው ትልቁ መንኮራኩር ላይ ወጣች። እኔ ቦርሳዋን ይዤ ከታች ጠበቅኳት።»

የሰው ሀብት ኃላፊዋ ሳቀች። ዳይሬክተሩም ፈገግ አለ። «እንግዲያው እሁድ ይምጡ። የቀራችሁት ሦስት ተወዳዳሪዎች ናችሁ፤ ሁላችሁም አንድ አንድ ቀን እንደ ማንኛውም እንግዳ ትውላላችሁ። ለየትኛውም ሠራተኛ ማንነታችሁን እንዳትናገሩ። ሰኞ መጥተው ያዩትን ይነግሩናል። ቤተሰብዎን ይዘው ይምጡ፤ ግብዣው የእኛ ነው።»

«እሺ» አለና ወጣ። አውቶቡስ ውስጥ «ቤተሰብዎን» የምትለዋ ቃል ጆሮው ላይ ትጮህ ጀመር። ማንን ይዞ ይሂድ? ፊልም አጫዋች የነበረው ወዳጁ ልጆቹ ዘንድ ሌላ አገር ገብቷል። ጎረቤቶቹን «ኑ፣ እንጫወት» ቢላቸው ሰውየው ነካ አደረገው እንዴ ይሉታል። አማቱን አሰበ። ልጃቸውን የቀበሩ ሴት፣ ጉልበታቸው ደረጃ የማይወጣ፣ ከቤት ከወጡ ስንት ጊዜያቸው። እሳቸውን ደግሞ በምን አፉ «በመንኮራኩር ላዙርዎት» ይበላቸው? ስለዚህ ብቻውን ለመሄድ ቆረጠ።

እሁድ ጠዋት አማቱ ሲለባብስ አገኙት።

«ዛሬ ደግሞ የት ነው?»

«መዝናኛ ፓርክ፣ እማማ። ለሥራው ነው። ቀኑን ሙሉ እንደ እንግዳ እንድውል ታዝዣለሁ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

አማቱ ከላይ እስከ ታች አዩት። «ሰው ብቻውን ሊስቅ ይሄዳል እንዴ?» አሉ። ከዚያ የኮቱን ትከሻ በመዳፋቸው አራገፉለትና ወደ ሬዲዮናቸው ተመለሱ።

ጥፋቱ ከኮቱ ጀመረ። ሥራ ፈላጊ ነውና እንደ ሥራ ፈላጊ ለብሷል፤ ጥቁር ኮት፣ ክራባት፣ የተወለወለ ጫማ። መግቢያው ላይ ያለችው ልጅ አንገቷን በመስኮቱ አውጥታ «ስንት ናችሁ?» አለችው።

«አንድ።»

ከኋላው ተመለከተች። «ሌሎቹ እስኪመጡ ልጠብቅ?»

«የሚመጣ የለም። አንድ ነኝ።»

«እ… እሺ» አለችና ትኬቱን ሰጠችው፤ ለአንድ ሰው ትኬት ሰጥታ የማታውቅ ይመስል ሁለት ጊዜ አገላበጠችው።

ውስጡ ጠዋትም ሆኖ ግጥም ብሎ ሞልቷል። ሙዚቃው ከአራት አቅጣጫ ይመጣል፤ ልጆች ይሮጣሉ፤ አባቶች ከኋላ ከኋላ ይጣራሉ። የሲኒማው ሰልፍ የለመደ ዓይን ሥራውን ጀመረ። ሰልፉ የት ጋ እንደሚጠማዘዝ፣ መውጫው የት ጋ ከመግቢያው ጋር እንደሚጋጭ፣ ውሃ የሚሸጠው ልጅ ለምን ሰው ከማያልፍበት ጥግ እንደቆመ፣ ሁሉንም አየ። ደስ አለው። ይህን ሥራ አውቀዋለሁ አለ በልቡ።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ሽቅብ ቁልቁል በሚወረወረው ባቡር ሰልፍ ላይ ተራው ሲደርስ አስተናጋጁ «ወንበሩ ለሁለት ነው፣ ጌታዬ፤ ብቻውን የሆነ ሰው ሲገኝ ላጣምርዎት» ብሎ ዳር አቆመው። ቆመ። ጥንድ ጥንዱ እየሳቀ በአጠገቡ አለፈ። ብቻውን የሆነ ሰው አልተገኘም። እንደ ጅብራ ተገትሮ መቆየቱ ሲያሳፍረው ቀስ ብሎ ከሰልፉ ወጣ፤ አስተናጋጁም መሄዱን አላየም።

ከዚያ ፎቶው መጣ። አንድ አባት ስልኩን ዘርግቶ «ይቅርታ፣ ያነሱናል?» አለው። አነሳቸው። ቀጥለው ሁለት እህትማማቾች መጡ፤ ቀጥሎ አንድ ትልቅ ቤተሰብ ከነአያቱ። ኮት የለበሰና ለብቻው የቆመ ሰው የፓርኩ ፎቶ አንሺ መስሏቸው ነው መሰል፣ አንዱ ሲሄድ አንዱ ይተካል። «ጠጋ በሉ… ትንሿ ልጅ፣ ወደዚህ እይ… ሳቁ!» ይላል። ይስቃሉ። ስልካቸውን ይቀበሉና «እግዜር ይስጥልን» ብለው ይሄዳሉ። ያን ቀን ስንቱ ቤት በእሱ እጅ የተነሳ ፎቶ እንደገባ እንጃ፤ እሱ ግን በአንዱም ውስጥ የለም።

እግሩ ሲዝል ትንሿ ባቡር ላይ ወጣ። ፓርኩን ቀስ ብላ የምትዞር፣ ለሕፃናትና ለደካሞች የተሠራች ባቡር ናት። አጠገቡ አንዲት ሕፃን ፊኛ ይዛ ተቀምጣለች። ፈገግ አለላት። ከፊት ለፊት የተቀመጠችው እናት ወዲያው ተነስታ ልጇን አቅፋ ወሰደችና ሌላ ፉርጎ ገባች። ምንም ክፉ ነገር አልተናገረችም፤ ቀና ብላም አላየችው። ሲኒማው ግን ክው አለ። እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ፣ ባቡሯ እስክትቆም፣ ወደየትም ሳያይ ተቀመጠ።

ከባቡሯ ወርዶ የእንጨት ፈረሶቹ የሚሽከረከሩበት አካባቢ አንድ አግዳሚ ወንበር አገኘ። ወንበሩ ፀሐይ ላይ ነው። ቢሆንም ተቀመጠ። ፈረሶቹ ሲዞሩ፣ ልጆቹ ለወላጆቻቸው እጃቸውን ሲያውለበልቡ ያያል። ሚስቱ ትዝ አለችው። ልጅ ሲያምራት «ይሁና፣ ሁለታችን እንበቃለን» ይላት ነበር። ሁለት ሲሆኑ እውነቱን ነበር፤ በቅተው ነበር። አሁን ግን አንድ ነው። ለምን ያህል ጊዜ እዚያ እንደተቀመጠ አላወቀውም። ጥላ ፊቱ ላይ ሲያርፍ ቀና አለ። ደንብ ልብስ የለበሰ ወፍራም የጥበቃ ሠራተኛ ነው።

«ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከማን ጋር ነው የመጡት?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«እዚህ የሚጫወት ልጅ አለዎት?»

«የለኝም።»

«የልጅ ልጅ?»

«የለኝም አልኩህ እኮ።»

ጥበቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «አንዳንድ እናቶች… ዓይነ ውሃዎ አላማራቸውም። ብዙ ተቀምጠዋል፤ ልጆቹን ያያሉ ብለው ነው። እስቲ ለአንድ አፍታ ቢሮ ድረስ እንሂድ።»

በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። አንድ አይስክሬም የሚልስ ልጅ እንኳ መላሱን አቁሞ አየው። ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። «እኔ እኮ እዚህ ሥራ…» ሊል አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ማንነታችሁን እንዳትናገሩ ተብሏል። ተነሳ፤ ከጥበቃው ቀጥሎ እየተራመደ በዚያ ሁሉ ቤተሰብ መካከል አለፈ።

የጥበቃ ቢሮው ከትኬት መሸጫው ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ጥጓ ላይ የተረሱ ዕቃዎች ተከምረዋል፤ ጃንጥላዎች፣ የፀሐይ ባርኔጣ፣ አንድ እግር የልጅ ጫማ። ጥበቃው መታወቂያውን አየ፣ መለሰለት፣ ወንበር ሰጠው። ጨዋ ሰው ነው፤ ነገሩ እሱንም ያሳፈረው ይመስላል።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«አሁን… የለኝም።»

«ታዲያ ዛሬ እዚህ ምን ሊሠሩ መጡ?»

«ልዝናና።»

ጥበቃው ክራባቱን አየ። «እንግዲህ የሚያውቅዎት አንድ ሰው ካለ ይደውሉና ያገናኙኝ። ከዚያ በሰላም ይሄዳሉ» አለው።

ሲኒማው ስልኩን አውጥቶ ስሞቹን ወደ ታች ያወርድ ጀመር። ብዙ ናቸው። ፊልም አከፋፋይ፣ የወንበር ጠጋኝ፣ የፖስተር ማተሚያ ቤት፣ ሆቴል፣ ሌላ ሆቴል። በእሁድ ቀን ደውሎ «እስቲ ታውቀኛለህ በልልኝ» የሚለው ሰው ግን አላገኘም። ወርዶ ወርዶ ስሞቹ አለቁ። መልሶ ወደ ላይ ወጣና «ቤት» የሚለውን ነካ።

አማቱ አነሱት። ጥበቃው ስልኩን ተቀብሎ ገና «እናቴ፣ እኔ የፓርኩ ጥበቃ ነኝ» ከማለቱ፣ ድምፃቸው ክፍሉን ሞላው።

«ምን ሆነ? ወደቀ? ከምን ላይ ወደቀ?»

«አልወደቁም፣ እናቴ፣ ደህና ናቸው። ያውቋቸው እንደሆነ ለመጠየቅ ነው። እዚህ አጠገቤ…»

«የት ነው ያስቀመጥከው?»

«ቢሮ ውስጥ…»

«ንካውና ታያለህ! እዚያው ጠብቀኝ» አሉና ዘጉት።

ጥበቃው ስልኩን በሁለት እጁ እንደያዘ «ይመጣሉ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሲኒማው ራሱም አላመነም ነበር። ከቤታቸው ደጃፍ እስከ ዳቦ ቤቱ ለመሄድ የሚያማርሩ ሴት!

መጡ። ታክሲ ይዘው መጡ። ጥቁር ሹራባቸውን ደርበው፣ በቤት ጫማቸው፣ ምርኩዛቸውን እንደ ጦር ወድረው ከበሩ ላይ ቆሙ። መጀመሪያ እሱን አዩት፤ እጁን፣ እግሩን፣ ፊቱን፣ ሙሉ መሆኑን። ከዚያ ወደ ጥበቃው ዞሩ።

«ምን አጠፋ?»

«ምንም አላጠፉም፣ እናቴ። ብቻቸውን ሆኑና…»

«ብቻውን መሆን ተከልክሏል?»

«አይ፣ አልተከለከለም…»

«እንግዲያው ስማኝ። የልጄ ባል ነው። ከዚህ በላይ ምን ልንገርህ?»

ሲኒማው አንገቱን ደፋ። «ነው» አሉ፤ «ነበር» አላሉም። ጥበቃውም ከተቀመጠበት ተነስቶ እጅ ነስቶ ይቅርታ ጠየቃቸው፤ ውሃ አቀረበላቸው። ጠጥተው ብርጭቆውን መለሱለትና «በል እንሂድ» አሉ ለሲኒማው።

«ታክሲ ልጥራ፣ እማማ?»

«ወዴት? ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ የጥበቃ ግድግዳ አይቼ ልመለስ? እስቲ ያሉህን ነገር አሳየኝ።»

ዞሩ። እሳቸውን ይዞ ሲዞር ፓርኩ ሌላ ፓርክ ሆነበት። ቅድም በሰፊ እርምጃ ያለፈው መንገድ አሁን አልገፋ አለ። ጥላ ያለበት መቀመጫ የለም፤ መጸዳጃ ቤቱ ከደረጃ በላይ ነው፤ ሙዚቃው እየጮኸ ሁለቱም «ምን?» «ምን አልክ?» ይባባላሉ። ሰዉ ግን ተለወጠ። የሚገፋ የለም። እናቶቹ ፈገግ ይሉላቸዋል። አንዷ እንዲያውም ተነስታ ቦታ ለቀቀችላቸው። ያው ኮት፣ ያው ክራባት፣ ያው ፊት! ሲኒማው ይህን አይቶ ደስ ይበለው ይክፋው አላወቀም።

አይስክሬም ገዛላቸው። ከባድ ሥራ እንደያዘ ሰው ቅንድባቸውን ቋጥረው ላሱት። «ይቀዘቅዛል» አሉ፤ ግን እስከ መጨረሻው ጨረሱት። ከዚያ ጉልበታቸው እንዳይደክም ብሎ ትንሿ ባቡር ላይ አሳፈራቸው። ጎን ለጎን ተቀመጡ። ባቡሯ አበባዎቹን ዞረች፣ ኩሬውን ዞረች፣ ከዚያ በቀለም የተሠራ ተራራ ውስጥ ገባች። ዋሻው ጨለማ ነው። ልጆቹ ለመጮህ ያህል ጮኹ። በዚያ ጨለማ ውስጥ አማቱ ድንገት፣

«ወንዱ ልጄ ነይ ካለኝ ቆየ» አሉ።

«የት?»

«እሱ ዘንድ ነዋ፤ ቤቱ። ሰፊ ክፍል አዘጋጅቶልኛል። ልጆቹም አያታቸውን አያውቁኝም።»

«መቼ ነው የጠራዎት?»

«ካመት ይበልጠዋል።»

«እና ለምን አልነገሩኝም?»

«ሥራ የሌለው ሰው ጥዬ ልሂድ? እሷስ ምን ትለኛለች?» አሉ። «ሥራ ስታገኝ እሄዳለሁ። እስክታገኝ አለሁ።»

ባቡሯ ከዋሻው ወጣች። ብርሃኑ ዓይኑን ወጋው። ዞር ብሎ ቢያያቸው፣ ምንም ያልተናገሩ ይመስል፣ ሁለት እጃቸውን ምርኩዛቸው ላይ ደራርበው ፊት ለፊት ይመለከታሉ።

ያን ምሽት «በላህ?» «በላሁ» ተባባሉ። እንቅልፍ ግን አልያዘውም። እንዴት ያለ ነገር ነው! ይህን ሁሉ ጊዜ እሱ ሴትዮዋ መሄጃ አጥተው ከእሱ ጋር እንደቀሩ ነበር የሚያስበው። ለካስ የተጠበቀው እሱ ነው።

ሰኞ ጠዋት ከዳይሬክተሩ ቢሮ ደጃፍ ተቀምጦ ተራውን ሲጠብቅ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣበት። አንድ የማይረባ መልስ ቢመልስ ምን ይቸግራል? «ጡረታ ላይ» ማለት ለእሱ አዲስ አይደለም። ሥራው ለሌላ ሰው ይሆናል፤ እሱ ቤቱ ይገባል፤ መስኮቱ ሥር ሬዲዮው ይናገራል፤ ሸሚዙ እጀታው ላይ ተሰቅሎ ይጠብቀዋል። ለአፍታ ልቡ ሸፈተ። ከዚያ አማቱ ፊቱን አይተው ሆን ብሎ መውደቁን እንደሚያውቁ ተሰማው። ይልቁንም ያ ሰፊ ክፍል፣ ያ የተዘጋጀ አልጋ፣ አያታቸውን የማያውቁ ልጆች ታዩት። ሲጠሩት ኮቱን አስተካክሎ ገባ።

«እህሳ፣ እሁድ እንዴት ነበር?» አለው ዳይሬክተሩ።

«የጥበቃ ቢሮ ታሰርኩ» አለ።

የሰው ሀብት ኃላፊዋ ልትስቅ ብላ ፊቱን አይታ ተወችው። ሁሉንም ነገራቸው። የባቡሩን ወንበር፣ ፎቶዎቹን፣ ሕፃኗን ይዛ የሄደችውን እናት፣ ጥበቃውን። ዳይሬክተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠ።

«ለምን ማንነትዎን አልተናገሩም?»

«እንዳትናገር አላችሁኛ።»

«እና ያ ጥበቃ… ስሙን ያውቁታል? እርምጃ ልንወስድ…»

«ምን አጠፋ?» አለ ሲኒማው። «እናቶች ሰጉ፤ ነገሩት፤ መጥቶ በጨዋ ቃል ጠየቀኝ። ልጅ ያለው ሰው ልጁን ትቶ እፎይ የሚለው እንዲህ ያለ ሰው በሩ ላይ ሲቆም ነው። አንድ ነገር ብቻ አስተምረዋለሁ፤ ሰው በተሰበሰበበት አይጠይቅም። ጎንበስ ብሎ፣ በጆሮ፣ ‘ጌታዬ፣ ጥላ ያለበት ቦታ ላሳይዎት’ ብሎ ወስዶ ነው የሚጠይቀው። ግን ጥላ ያለበት ቦታ የላችሁም። ከዚያ ብንጀምር ነው የሚሻለው።»

ስለ መቀመጫዎቹ፣ ስለ ደረጃው፣ ስለ ውሃ ሻጩ ልጅ ነገራቸው። በመጨረሻም «ቦታችሁ ጥሩ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሲመጣ ግን ቦታው ምን እንደሚያደርገው አያውቅም። ሁልጊዜ ሌሎቹ እስኪመጡ ነው የሚጠብቀው» አለ። ኃላፊዋ መነጽሯን አውልቃ መጥረግ ጀመረች።

ሥራውን አገኘ። ማታ ሲገባ ገና በሩን ሳይዘጋ አማቱ ከሬዲዮናቸው ቀና ብለው «ሆነልህ» አሉ።

«ሆነ፣ እማማ።»

«እሰይ! እሰይ!» ብድግ ብለው ግንባሩን ሳሙት። ይህን ያህል ዓመት አብረው ሲኖሩ ስመውት አያውቁም ነበር፤ ከቀብሩ ቀን በቀር። ከዚያ ወደ ክፍላቸው ገቡ። ሻንጣው ከአልጋ ሥር እየተጎተተ ሲወጣ ሰማ።

አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኛቸው። ሻንጣቸውን አስጫነ፤ መስኮት አጠገብ አስቀመጣቸው፤ ውሃና ብስኩት ሰጣቸው። «እንግዲህ…» አለ። «እንግዲህ» አሉ እሳቸውም። አውቶቡሱ ተነሳ። ቤት ሲመለስ መስኮቱን ከፈተው። የሚዘጋው ሰው ስለሌለ እስኪበርደው ተከፍቶ ቆየ፤ ከዚያ ራሱ ዘጋው።

ሥራው ጥሩ ነው። ወፍራሙ ጥበቃ የመጀመሪያ ቀን ሲያየው ከዕቃ መጋዘኑ ጀርባ ተደብቆ ነበር፤ አሁን አብረው ሻይ ይጠጣሉ። መቀመጫዎቹ ላይ ሸራ ተወጠረ። ሠራተኞቹ ይወዱታል፤ «አለቃ» ይሉታል፤ ሲመጣም ጨዋታቸውን ያቋርጣሉ። ቀኑን ሙሉ በሺህ ሰው መካከል ይውላል፤ ማታ ማንም ሳያናግረው ይተኛል። ሸሚዙን እሱ ራሱ ይተኩሳል፤ ኮሌታው ግን እሳቸው እንደተኮሱት ቀጥ አይልለትም።

አንድ እሁድ፣ ፓርኩ እስከ አፍ ገደፉ በሞላበት ሰዓት፣ ስልኩ ጠራ። አማቱ ናቸው። የሩቅ አገር ስልክ በጩኸት ነው የሚደርሰው ብለው ስለሚያምኑ ይጮኻሉ።

«ሰው መጣላችሁ?»

«ሞልቷል፣ እማማ። እርስዎስ? ቤቱ ተስማማዎት?»

«ቤቱማ ምን ይወጣለታል! ክፍሉ ሰፊ ነው። ልጆቹ ይሮጣሉ፣ ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፣ እንግዳ ይገባል፣ ይወጣል…» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ሰው በሰው ነው። ቁጭ ብሎ የሚያናግረኝ ግን የለም።»

ሲኒማው ከትኬት መሸጫው ጀርባ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ይምጡ ይበል? ልጆቹን እየለመዱ ነው። አይዞዎት ይበል? እሱን ማን አይዞህ አለውና። በእሳቸው በኩል የቴሌቪዥን ድምፅና የልጆች ግርግር ይሰማል፤ በእሱ በኩል ሙዚቃውና ከባቡሩ ላይ የሚመጣው ጩኸት።

ደረቱ ላይ ያለው መገናኛ ሬዲዮ ጠራው፤ መግቢያው ላይ ሰልፉ ተደበላልቋል፣ አለቃ ይምጣ ይላል።

«ይጠሩሃል፣ ሂድ» አሉት።

«እሺ፣ እማማ። ይዝጉት።»

«አንተ ዝጋው።»

አልዘጋውም። ስልኩን እንደተከፈተ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተና ወደ መግቢያው ሄደ። ሰልፉን ከሁለት ከፈለ፤ ተራ ዘልሎ የገባውን ጎረምሳ በለዘብታ መለሰ፤ ልጇ የጠፋባትን እናት አረጋጋ፤ ልጁም ከሸራው ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ተገኘ። ሥራው ጋብ ሲል ከግርግሩ ወጣ ብሎ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። መስመሩ አልተዘጋም ነበር።